ትውልዱንስ ማን ይናገራል?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው። ጉባኤው አልቆ ሰው ጫማውን እያደረገ ሳለ አንድ ወጣት ጠጋ ይላል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን እንዳትቆጣኝ» ይልና ስልኩን ያወጣል። ቪዲዮ ነው። ጌታችን ማርያም መግደላዊትን አግብቶ ልጅ ወልዷል፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ደብቃዋለች ይላል። የተራኪው ድምፅ ከባድ ነው፣ ሙዚቃው ያስፈራል።

እኔ አልቆጣም። በጥያቄ የሚቆጣ አስተማሪ መልሱ የሌለው ይመስላል። መልሱ ደግሞ አለ።

ከማርያም እንጀምር። ቅዱስ ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይ ጌታን በገንዘባቸው ያገለገሉትን ሴቶች ሲዘረዝር «የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት ዮሐና» ይላል። ዮሐናን በባሏ ነው ያስተዋወቀን። ቅዱስ ዮሐንስም በመስቀሉ አጠገብ የቆሙትን ሲጠራ «የቀለዮጳም ሚስት ማርያም» ይላል። እዚያው ቁጥር ላይ ያለችው ሌላዋ ማርያም ግን በባል አልተጠራችም፣ በሀገሯ እንጂ። መግደላዊት፣ የመግደላ ሰው ማለት ነው። እስቲ አስቡት። ያገባች ሴት በባሏ ስትጠራ፣ የዚህችኛዋ «ባል» እዚያው ፊት ለፊት ተሰቅሎ እያለ፣ ወንጌላዊው በመንደሯ ስም ይጠራታል?

ጌታም በዚያች ሰዓት አደራ ሰጠ። እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጠ። ስለ ሚስት የተባለ አንድም ቃል የለም። ለሞት የተቃረበ ባል እናቱን አስታውሶ ሚስቱን ይረሳል ብሎ ማሰብ እኔን ይከብደኛል። በትንሣኤው ማለዳ ማርያም ስታውቀው ምን ብላ ጠራችው? «ረቡኒ»። መምህር ሆይ ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ማርያም መግደላዊት አመንዝራ ነበረች የሚለውም ወንጌል ላይ የለም። ወንጌል የሚለው ሰባት አጋንንት ወጡላት ነው። በ591 እ.ኤ.አ. የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ በስብከታቸው እሷን ከኃጢአተኛዋ ሴትና ከቢታንያዋ ማርያም ጋር አንድ አደረጓቸው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተጣብቆባት ቀረ። ወደ እኛም ስብከት ሾልኮ የገባበት ጊዜ አለ። ምስኪን፣ አንዱ አመንዝራ አደረጋት፣ ሌላው ሚስት። የትንሣኤው የመጀመሪያ ምስክር መሆኗ ማንንም አላጠገበም።

ታዲያ ቪዲዮዎቹ ማስረጃ የሚሉት ምንድን ነው? ዋናው በ1945 እ.ኤ.አ. በላይኛው ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ አጠገብ ከተገኙት የቅብጥ ጽሑፎች አንዱ ነው። «የፊልጶስ ወንጌል» ይባላል እንጂ የፊልጶስ አይደለም። ከሐዋርያት ዘመን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ግኖስቲክ በሚባሉት፣ መዳን በስውር እውቀት ነው በሚሉ ወገኖች ዘንድ የተጻፈ ነው ተብሎ ይገመታል። እዚያ ላይ ማርያም የጌታ «ኮይኖኖስ» ተብላለች። ቃሉ የግሪክ ነው። ይኸው ቃል በግሪኩ ሉቃስ 5፥10 ላይ አለ። ያዕቆብና ዮሐንስ የስምዖን ባልንጀሮች ነበሩ ይላል፣ የዓሣ ሥራ ሸሪኮች ማለቱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ቲቶን «ባልንጀራዬ» ያለው በዚሁ ቃል ነው። ከዚህ ቃል ትዳር የሚወጣ ከሆነ ብዙ ሰው ሳያውቀው አግብቷል ማለት ነው። ስለ መሳምም ይናገራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ይናገራል። የት እንደሳማት የሚለው ቦታ ላይ ግን ፓፒረሱ ተቀዷል። ቀዳዳውን ሰዎች በፈለጉት ቃል ይሞሉታል። ደግሞስ በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ምን እያለን ነው? እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ነው። ከሐዋርያት ጀምሮ ምእመናን ሰላምታቸው የተቀደሰ አሳሳም ነበር።

ሌላው ማስረጃ የባንክ ካርድ የሚያህል ቁራጭ ነው። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. የሃርቫርዷ ፕሮፌሰር ካረን ኪንግ ሮም ላይ ለጉባኤ አቀረቡት። በቅብጥ ቋንቋ «ኢየሱስ እንዲህ አላቸው፦ ሚስቴ...» ይልና ይቆረጣል። ዓለም ተናጋ። ባለሙያዎች ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ቃላቱ ከሌላ የታወቀ ጽሑፍ የተቀዱ ሆኑ፣ ያውም ኢንተርኔት ላይ ካለ ቅጂ፣ ከፊደል ስህተቱ ጋር። በ2016 እ.ኤ.አ. የቁራጩ ምንጭ ሲመረመር ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ማስረጃው ወደ ሐሰተኛነቱ ያደላል አሉ። ይህን ማለታቸው ክብር ይገባዋል። ቪዲዮዎቹ ግን 2012 ላይ ቆመው ቀርተዋል።

ቃና ዘገሊላ የራሱ የጌታ ሠርግ ነበር የሚሉም አሉ። ጥር 12 ቀን ወንጌሉ ሲነበብ ጆሮ ሰጥቶ የሰማ ሰው መልስ አያጣም። ኢየሱስም ደቀ መዛሙርቱም ወደ ሠርጉ ታደሙ ይላል። ሙሽራ ወደ ገዛ ሠርጉ በጥሪ ይሄዳል እንዴ?

«አይሁዳዊ መምህር ሳያገባ አይኖርም ነበር» የሚለው ደግሞ ትንሽ የተማረ ክርክር ነው። ብዙዎች አገቡ፣ እውነት ነው። ኤርምያስን ግን እግዚአብሔር ራሱ ሚስት አታግባ ብሎታል። መጥምቁ ዮሐንስ አላገባም። በዚያው ዘመን ኤሴናውያን የሚባሉት ወገኖች ብዙዎቹ ሳያገቡ ይኖሩ እንደነበር የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ ጽፏል። እኔን ከሁሉ የሚያሳርፈኝ ግን የቅዱስ ጳውሎስ ዝምታ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 9፥5 ላይ ሚስት ይዞ የመዞር መብት አለን ብሎ ይከራከራል። ምሳሌ ሲጠራ ሌሎቹን ሐዋርያት፣ የጌታን ወንድሞች፣ ኬፋን ይጠራል። ጌታ አግብቶ ቢሆን ኖሮ አንድ ስም ይበቃው ነበር።

አሁን ወደ ልጅ ልጆቹ ወሬ እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን ስለ ጌታ ዘመዶች የምታውቀው ታሪክ አላት። በቪዲዮዎቹ ላይ ግን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ታሪኩን የጻፈው በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሄጌሲጶስ ነው፣ ያቆየልን አውሳብዮስ ዘቂሳርያ። ንጉሡ ድምጥያኖስ ነው፣ ከ81 እስከ 96 እ.ኤ.አ. ሮምን የገዛው። ከዳዊት ዘር የሚነሣ ንጉሥ ያሰጋዋል። የዳዊት ዘር ያላችሁ ቅረቡ ተባለ፣ ጠቋሚም ተገኘ። ጉዳዩ የዙፋን ነው። ለንጉሥ ወንበር የሚያሰጋ የክርስቶስ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቢኖር ጠቋሚው መጀመሪያ የሚጠራው እሱን አልነበረም?

የቀረቡት ማን ሆኑ? የጌታ ወንድም የተባለው የይሁዳ የልጅ ልጆች። («ወንድም» ሲባል የእመቤታችን ልጅ ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።) ንጉሡ ከዳዊት ወገን ናችሁ ወይ አላቸው። አዎ አሉ። ምን ያህል ሀብት አላችሁ አላቸው። ለሁለታችንም 9,000 ዲናር የሚገመት ንብረት ነው ያለን አሉት። እሱም በእጃችን ያለ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን 39 ፕሌትራ (የግሪኮች የመሬት ስፋት መለኪያ ነው) መሬት ነው። ራሳችን አርሰን ግብር እንከፍልበታለን፣ እንኖርበታለን አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። መጅ ያወጣ የገበሬ እጅ።

የክርስቶስ መንግሥት ምን ዓይነት ነው፣ መቼ፣ የትስ ትገለጣለች ብሎ ጠየቃቸው። የዚህ ዓለም አይደለችም፣ ሰማያዊት ናት፣ በዓለም ፍጻሜ በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ሲመጣ ትገለጣለች አሉት። ንጉሡ ናቃቸው። ተራ ሰዎች ናቸው ብሎ ለቀቃቸው።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ እጃቸው ላይ ይቀራል። የጌታ ዘመድ መሆናቸው ቤተ መንግሥት አልሠራላቸውም። የኢየሩሳሌምንም ቤተ ክርስቲያን ተመልከቱ። መጀመሪያ የጌታ ወንድም ያዕቆብ መራት፣ ከእሱ ሰማዕትነት በኋላ የቀለዮጳ ልጅ ስምዖን። ዘመዶች ተፈልገው ተሾሙ፣ በግልጽ ተጻፈ፣ ማንም አልደበቀም። ታዲያ ዘመዶቹን በስም የጻፈ ትውልድ ልጁን ይደብቃል?

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ የዘር ሐረግ መቁጠር እናውቅበታለን። ክብረ ነገሥትን ማየት ይበቃል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት እንኳ የንጉሠ ነገሥቱን ዘር በቀዳማዊ ምኒልክ በኩል ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ያገናኘው ነበር። ይህ ሁሉ የዘር ክብር ግን ሽቅብ ወደ ሰሎሞንና ወደ ዳዊት ይወጣል እንጂ ከክርስቶስ አይወርድም። ክብረ ነገሥትም ነገሥታቱን የጌታ ልጆች አላላቸውም። «የክርስቶስ ዘር» ጨዋታው ሌላ ቦታ ነው የተጀመረው። በ1956 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ፒየር ፕላንታርድ የተባለ ሰው ማኅበር አስመዘገበ። በኋላም የጥንት ነገሥታት ወራሽ ነኝ ለማለት የተፈበረኩ ሰነዶች ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዲቀመጡ አደረገ። ሌሎች ጸሐፊዎች የጌታን ስም ጨመሩበት፣ መጽሐፉም ፊልሙም ተቸበቸበ። በጃፓን ሺንጎ በምትባል መንደር ደግሞ ጌታ እዚያ ሄዶ ነጭ ሽንኩርት እያረሰ፣ አግብቶ ሦስት ሴቶች ልጆች ወልዶ በ106 ዓመቱ ሞተ ይሉና መቃብሩን ያሳያሉ። ወሬው የወጣው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው።

የሌሎችን እምነት በትክክል ማወቅም ይጠቅማል። ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ፣ ፕሮቴስታንቱ በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ አይለያዩም። ጌታ አላገባም። ሙስሊም ወገኖቻችንም ነቢዩ ዒሳ ሳያገባ ወደ ሰማይ ተወሰደ ይላሉ፤ ወደፊት ሲመለስ ያገባል የሚሉ ዘገባዎች አሉ። ከሞርሞኖች መሪዎች አንዱ የነበረው ኦርሰን ሃይድ በ1854 እ.ኤ.አ. ጌታ ቃና ላይ አገባ ብሎ ሰብኳል። ቤተ እምነታቸው ግን ይህ ይፋዊ ትምህርታችን ሆኖ አያውቅም ብሏል።

ይህ ሁሉ ሲነገር አንድ ሰው «ማግባት ነውር ስለሆነ ነዋ ያላገባው» እንዳይለኝ። አይደለም። መጋባት በሁሉ ዘንድ ክቡር፣ መኝታውም ንጹሕ ነው ይላል መጽሐፉ። ቀሳውስቶቻችን ባለትዳሮች ናቸው። ጌታ ያላገባው ትዳርን ንቆ አይደለም። በሥጋ ልጅ ቢኖረው አንድ ቤተሰብ «እኛ የደሙ ወራሾች ነን» ብሎ በር ላይ ይቆም ነበር። ሌላው ሁሉ እንግዳ ይሆናል። ቅዱስ ዮሐንስ ግን የእግዚአብሔር ልጆች ከደም ወይም ከሥጋ ፈቃድ አልተወለዱም አለ። ጌታ ያንን ሽባ «አንተ ልጅ፥ አይዞህ» ሲለው፣ ደም ይፈሳት የነበረችውን «ልጄ ሆይ» ሲላት በከንቱ አልነበረም።

አሁን በጋዛ መንገድ ላይ ያለውን ሠረገላ አስቡ። ሰውየው የእኛ ነው። የንግሥት ህንደኬ ባለ ሥልጣን፣ በገንዘቧ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ጃንደረባ። ሀብት አለው፣ ክብር አለው። ልጅ ግን አይወልድም። እኛ ዘንድ ልጅ የሌለው ሰው ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቤቱ ተዘጋ ይባላል፣ ስም አስጠሪ የለውም ይባላል። በኦሪት ሕግም ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም። እሱ ግን ያን ሁሉ መንገድ ለመስገድ ሄዶ፣ አሁን እየተመለሰ ነው። የሚያነበው ኢሳይያስን ነው። የደረሰበት ቦታ ደግሞ፦ «ትውልዱንስ ማን ይናገራል? ሕይወቱ ከምድር ትወገዳለችና»።

አበው ይህን ቃል ከጌታ ልደት ምሥጢር ጋር ይተረጉሙታል፣ የማይነገር ልደት ነውና። ጃንደረባው ግን ሊያስተምረው የተላከው ወንጌላዊው ፊልጶስ ሳይመጣ በፊት ብቻውን ሲያነበው ምን ሰማ? ትውልድ ሳይተው ከምድር ስለተወገደ ሰው የሚናገር ቃል ነው የሰማው። እንደ እሱ ያለ ሰው። «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?» ብሎ የጠየቀበትን ድምፅ መስማት እመኛለሁ። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ «ዘሩን ያያል» ይላል። ሦስት ምዕራፍ አልፎ ደግሞ «ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል» ይላል፤ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጣቸዋለሁ እያለ።

ፊልጶስ ከዚያ መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ውኃ ያለበት ደረሱ። «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ ሰውየው። ፊልጶስ ዘሩን አልጠየቀውም። «በፍጹም ልብህ ብታምን ተፈቅዶአል» አለው። ሠረገላው ቆመ። ሁለቱም ወደ ውኃው ወረዱ።