ዙሪያ እና ስፋት ምንድን ናቸው? ልጆች በእጃቸው ለክተው ሲማሩት

ፒያሳ አካባቢ ቤቱን የሚያድስ ሰው ለወለሉ ሴራሚክ፣ ለግድግዳው ግርጌ ደግሞ ዞኮሎ ይገዛል። ሴራሚኩ በካሬ ይሰላል፤ ዞኮሎው በሜትር። ክፍሉ 4 በ3 ሜትር ከሆነ ሴራሚኩ 12 ካሬ ነው። ዞኮሎው፣ በሩ ሳይቀነስ፣ 14 ሜትር ይሆናል።

14 ሜትሩ ዙሪያ ነው። ጠርዙን ይዘን ዞረን ወደተነሳንበት ቦታ እስክንመለስ ያለው ርዝመት ማለት ነው። 12 ካሬው ደግሞ ስፋት ነው፤ ጠርዙ ውስጥ ያለውን ገጽ ለመሸፈን የሚያስፈልገው መጠን።

ታዲያ ልጆች ላይ ለምን ይምታታል? እኔ እንደማምነው ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ሁለቱን ቀመሮች በአንድ ቀን፣ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን እንጽፍላቸዋለን። ሁለቱም የሚጠቀሙት ያንኑ ርዝመትና ያንኑ ወርድ ነው። ልጁ አንዴ ይደምራል፣ አንዴ ያባዛል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ስለዚህ ቀመሩ ይቆይ። መጀመሪያ ልጆቹ ይለኩ፣ ይቁረጡ፣ ያንጥፉ።

እኔ በሲባጎ መጀመር ደስ ይለኛል። 12 ሜትር የሚሆን ሲባጎ በየሜትሩ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበትና ጫፍና ጫፉ ይታሰራል። አራት ልጆች ማዕዘኖቹን ይዘው ይወጥሩታል። መሃል ከተማ ያለ ትምህርት ቤት ግቢው ጠባብ ቢሆንም ለዚህ አያንስም። ሌሎቹ ልጆች ከጋዜጣ አያይዘው የሠሩትን፣ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ወረቀት ውስጡ ያነጥፋሉ። ሲባጎው 5 በ1 ሲወጠር 5 ወረቀት ይይዛል። 4 በ2 ሲሆን 8፣ 3 በ3 ሲሆን 9። እዚህ ጋ አንዱ ልጅ መጮሁ አይቀርም፦ «ቲቸር፣ ገመዱ እኮ አልጨመረም!» ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዙሪያው ሳይለወጥ ስፋቱ ሊለወጥ ይችላል። ቸኩሎ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ይከራከሩበት።

ቆርኪም ጥሩ ያስተምራል፣ በተለይ ስለማይመች። ልጆቹ ደብተራቸውን በቆርኪ እንዲሸፍኑ አድርጉ። ምንም ያህል ቢያጠጋጉት በመሃል ክፍተት ይቀራል። ቆርኪ ትተው እኩል የተቆረጡ ካሬ ካርቶኖች ሲደረድሩ ክፍተቱ ይጠፋል። ስፋትን በካሬ የምንለካው ለምን እንደሆነ ያኔ ራሳቸው ይናገራሉ።

ካሬ ካሬ በተሰመረ ወረቀት ላይ ሲሠሩ ግን ለአንድ ስህተት ተጠንቀቁ። 6 በ4 የሆነ ቅርጽ ሥላችሁ ዙሪያውን ስትጠይቁ ብዙ ልጆች ዳር ዳሩ ላይ ያሉትን ካሬዎች ይቆጥራሉ፤ 16 ይሏችኋል። መልሱ 20 ነው። መቆጠር ያለበት መስመሩ እንጂ ካሬው አይደለም፤ የማዕዘን ካሬ ሁለት ጎኑ ውጭ ነው። በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ቢቆጥሩ ይስተካከላል።

ያንኑ ወረቀት በመቀስ ቆርጠው ማዕዘኑ ላይ ያለውን አንድ ካሬ ያውጡት። ስፋቱ ከ24 ወደ 23 ይወርዳል፣ ዙሪያው ግን ያው 20 ነው። በሌላ ወረቀት ደግሞ ካሬውን ከጎኑ መሃል ላይ ያውጡት። አሁንም ስፋቱ 23 ነው፣ ዙሪያው ግን 22 ሆኖ አረፈው! ወረቀቱ እየቀነሰ ዳሩ ረዘመ። ጎበዝ የሚባሉት ልጆች ሳይቀሩ ይህን ካልቆጠሩ አያምኑም።

ከፍ ላሉት ልጆች የቦታ ጥያቄ ይሰጣቸው። አዲስ አበባ ውስጥ «200 ካሬ» ሲባል ያልሰማ ልጅ የለም። 10 በ20 የሆነ ቦታ 200 ካሬ ነው፤ ለማጠር 60 ሜትር ቆርቆሮ ይፈልጋል። 8 በ25 የሆነውም 200 ካሬ ነው፤ አጥሩ ግን 66 ሜትር ነው። 5 በ40 ቢሆን 90 ሜትር ይደርሳል። ሦስቱንም በየሜትሩ ወጪ ያስሉት፤ ልዩነቱ በብር ሲመጣ ጉዳዩ በደንብ ይገባቸዋል።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ «ሁለቱን ጎን ደምሬ እጥፍ አደርገዋለሁ» የሚል ልጅ ይመጣል። ሌላው «በአንድ ረድፍ 6 ካሬ አለ፣ አራት ረድፍ ነው፣ አባዛለሁ» ይላል። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ጻፉት፣ አሁን ጊዜው ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ «ዙሪያውን ፈልግ» ብላችሁ አትንገሯቸው። የአንድ ጠረጴዛ ርዝመትና ወርድ ስጧቸውና ላዩን የሚያለብስ ላስቲክ እና ዳሩን የሚዞር ዳንቴል ምን ያህል እንደሚበቃ ጠይቁ። የቱ በሜትር፣ የቱ በካሬ ሜትር እንደሚመለስ መምረጥ ያለበት ልጁ ነው።