ኢንቲመሲ ኮኦርዲኔተር ምንድነው? ዩኒየን (የሠራተኛ ማህበር) ውስጥ መግባታቸውስ ምን ያደርግላቸዋል?

ክረምቱ እንደወጣ ሰሞን የአክስቴ ልጅ አንድ ድራማ ላይ የሚስት ቦታ ተሰጥቷት ጣና ዳር ሲቀርፁ አብሬያት ሄጄ ነበር። ዳይሬክተሩ ባሏን ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ "እቀፋት እንጂ ሚስትህ እኮ ናት!" ይለዋል፣ ልጁም አፍሮ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል፣ ወደ ዘጌ ጀልባ የሚጠብቀው ሰው ሁላ ዙሪያውን ቆሞ ያያል፣ አንዱማ ጭራሽ በስልኩ ይቀርፃል። አምስተኛው ሙከራ ላይ ይሁን ስድስተኛው ላይ ልጁ ጨክኖ አንገቷን ሳማት። ምንም አላለችም። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ግን "ስክሪፕቱ 'ይተቃቀፋሉ' ነው የሚለው፣ መሳም የሚል የለውም" አለችኝ። ውጭ ሀገር ለዚህ ብቻ ተብሎ የሚቀጠር ሰው አለ ስላት "ሂድ ወደዛ አትቀልድ" ብላ ሳቀችብኝ።

አለ ግን። ኢንቲመሲ ኮኦርዲኔተር ይባላል። ኮኦርዲኔተር ያው አስተባባሪ ነው፣ ኢንቲመሲው የአካል ቅርርብ ማለት ነው፣ መሳሳም፣ መተቃቀፍ፣ አልጋ ላይ የሚሆነው፣ ልብስ ማውለቅ ያለበት ትዕይንት፣ አንዳንዴ የመደፈር ትዕይንትም። የሰውዬው ስራ ቀረፃው ከመጀመሩ በፊት ነው የሚጀምረው። ስክሪፕቱን ያነባል፣ ዳይሬክተሩን "ይተቃቀፋሉ ስትል ምን እንዲታይ ነው የፈለግከው?" ብሎ ይጠይቃል፣ ከዛ ተዋናዮቹን ለየብቻ (ለየብቻ የሚለው ይሰመርበት፣ ሰው ፊት "አይ አልፈልግም" ማለት ለኛ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን) ያናግራቸዋል፣ የቱ ይነካል፣ የቱ አይነካም፣ ልብስ እስከየት። የተስማሙበት በፅሁፍ ይሰፍራል። ቀረፃው ላይ ደግሞ ልክ እስክስታ እንደማስተማር ነው፣ እጅህ ትከሻዋ ላይ፣ ሶስት ቁጠር፣ ወደ ክርን ውረድ፣ በቃ። በገላ መሀል የሚገባ ትራስ ነገር፣ ቆዳ የሚመስል መሸፈኛ ያዘጋጃል፣ እዛ መሆን የሌለበትን ሰው ያስወጣል። እና ደግሞ ትናንት እሺ ያለች ዛሬ ሀሳቧን ብትቀይር መብቷ ነው፣ ያንን ለዳይሬክተሩ የሚነግርላት እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚመስለው ይሄ ሳንሱር ነው፣ አይደለም። ሰው ከፎቅ ሲወድቅ ወይ ሲደባደብ የሚያሳይ ፊልም ላይ ስታንት ኮኦርዲኔተር አለ አይደል፣ እሱን ማንም ሳንሱር ብሎት አያውቅም። ዱላው የውሸት ሆኖ እውነት እንዲመስል ሰው ከተቀጠረለት ለመሳሙ ሲሆን ምን አዲስ ነገር ተፈጠረ?

ነገሩ ገና አዲስ ነው ግን። በቲያትሩ በኩል ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር፣ ፊልምና ቲቪ ላይ የገነነው በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ የሆሊውዱ ፕሮዲዩሰር የሃርቪ ዋይንስታይን የወሲብ ጥቃት ጉድ ከወጣ በኋላ ነው። በ2018 የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤችቢኦ አሊሺያ ሮዲስ የምትባለውን ባለሙያ አንድ ተከታታይ ድራማው ላይ አሰራት፣ ወዲያው እንዲህ አይነት ትዕይንት ያለበት ስራዬ ላይ በሙሉ ኮኦርዲኔተር ይኖራል አለ። የአሜሪካ ተዋናዮች ማህበር ሳግ አፍትራ ደግሞ በ2020 እንዴት መሰራት እንዳለበት መመሪያ አወጣ፣ በ2023 ያን ሁሉ 118 ቀን አድማ መትተው ባመጡት ውል ላይ ፕሮዲዩሰሮች እርቃን ወይ የወሲብ ትዕይንት ካለ ኮኦርዲኔተር ለመቅጠር የሚችሉትን ሁሉ እንዲያደርጉ አስገቡ። የሚችሉትን ሁሉ ነው የሚለው እንግዲህ፣ ግዴታ አይልም።

አሁን ዩኒየኑ ጋ ልምጣ፣ እኔን የሳበኝም እሱ ነው። ኮኦርዲኔተሩን የሚቀጥረው ማነው? ፕሮዲዩሰሩ። ቀረፃውን "ቁም" ማለት ያለበት ደግሞ እሱ ኮኦርዲኔተሩ ነው፣ ቀረፃ በቆመ ቁጥር ብር የሚወጣበት ያው ፕሮዲዩሰሩ። ሽማግሌ ሆነህ ስትገባ የአንደኛው ወገን ደሞዝተኛ ሆነህ እንደመግባት በለው። በዛ ላይ ቋሚ ቅጥር የለም፣ ለአንድ ፊልም ሁለት ሶስት ቀን ትጠራለህ ከዛ ሌላ ስራ ፍለጋ ነው። ያኔ ክፍያህን ራስህ ነበር የምትደራደረው፣ ስክሪፕት ያነበብክበትና ስልክ ያወራህበት ሰዓት ይታሰብልህ አይታሰብልህ በድርድርህ ነበር፣ የጤና ኢንሹራንስና ጡረታም ለተዋናዩ በውሉ ሲከፈልለት ላንተ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው አንዴ "ልጅቷ አልፈለገችም፣ አቁሙ" ቢል የሚቀጥለው ፊልም ላይ ማን ይጠራዋል? "አስቸጋሪ ነው" የምትል አንዲት ቃል ትበቃዋለች። ስለዚህ ለተዋናይ ከለላ ተብሎ የተቀመጠው ሰው ራሱ ከለላ የለውም ነበር።

ለዛ ነው በ2024 መጨረሻ ላይ እዛው ሳግ አፍትራ ስር ለመደራጀት የወሰኑት። አሰራሩ እንዲህ ነው፣ ማህበሩ ለአሜሪካ መንግስት የብሄራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ ማመልከቻ ያስገባል፣ ቦርዱ ምርጫ ያካሂዳል፣ ሰራተኞቹ እንወከል አንወከል ብለው ድምፅ ይሰጣሉ፣ አብላጫው እሺ ካለ አሰሪው ከማህበሩ ጋር የመደራደር ግዴታ ይመጣበታል። ድምፅ ሰጡ፣ እሺ አሉ። ይሄ ማለት ዝቅተኛ ክፍያ፣ የዝግጅት ሰዓት፣ ኢንሹራንስ የመሳሰሉትን ከስቱዲዮዎች ጋር በጋራ የሚደራደርላቸው አካል አላቸው ማለት ነው እንጂ ድምፅ በሰጡ ማግስት ሁሉም ተስተካከለ ማለት አይደለም፣ ድርድሩ ራሱን የቻለ ትግል ነው። የስታንት ኮኦርዲኔተሮቹ እዛው ማህበር ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል ለነገሩ።

እኛ ጋ "ማህበር" ሲባል ነገሩ ይደባለቃል። የጀልባዎቹም ማህበር ነው፣ የባጃጁም፣ የጊዮርጊስ የፅዋውም ማህበር ነው። የጀልባው ማህበር ተራ ያስይዛል፣ ታሪፍ ያወጣል፣ ግን የባለንብረቶች ነው። የሠራተኛ ማህበር የሚባለው ሌላ ነው፣ ተቀጣሪዎቹ ብቻ ሆነው ከአሰሪው ጋር የሚደራደሩበት። በኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሰረት አስርና ከዛ በላይ ሰራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማህበር መመስረት ይቻላል፣ አባላቱ ከአስር እንዳያንሱ ነው የሚፈልገው። ከአስር በታች ሰራተኛ ያላቸው ትንንሽ ድርጅቶች ውስጥ ያሉ ሰዎችም ተጠራቅመው ጠቅላላ የሠራተኛ ማህበር ማቋቋም ይችላሉ፣ እዛም አስር ሰው። አዋጁ ስራ ቦታ ላይ ወሲባዊ ትንኮሳን በስሙ ጠርቶ ይከለክላል። ችግሩ በየፊልሙ በቃል ተጠርተህ የምትሰራ ሰው "ተቀጣሪ ነኝ" ለማለት ራሱ ትከራከራለህ፣ አብዛኛው ወረቀት እንኳን አይፈርምም። የአክስቴ ልጅ የፈረመችው ብር ስትቀበል ብቻ ነው።

እኔ ባህር ዳር ላይ ነገ ኢንቲመሲ ኮኦርዲኔተር ይቀጠር አልልም፣ ምሳና ታክሲ በማይችል በጀት ማን ይቀጥረዋል። መሳሳምም ፊልሞቻችን ላይ ብርቅ ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ለልጅቷ ግን የሰውዬው እጅ እጅ ነው። "ይተቃቀፋሉ" የሚለው ላይ እንዴት የሚለው አብሮ ቢፃፍ፣ ከቀረፃ በፊት ለብቻዋ ቢጠይቋት፣ ጀልባ ጠባቂውን ወደዛ የሚል አንድ ሰው ቢመደብ ብር አያስወጣም። አዋጁ አስር ሰው ለሚለው ግን የዛን ቀን ጣና ዳር ቆጥሬያለሁ፣ ካሜራ የያዘው፣ ድምፅ የሚቀዳው፣ ሜካፗ ልጅ፣ መብራት የተሸከሙት ሁለቱ፣ ተዋናዮቹ ራሳቸው ስድስት ናቸው፣ ሻይ ያመጣ የነበረውን ልጅ ሳልቆጥር አስራ አንድ መጡልኝ።