«ሚክስ ላይ እናስተካክለዋለን» እና መሰሎቹ

የጋዜጠኝነት ወይም የቲያትር ተማሪ ከሆናችሁ አንድ ቀን የሬዲዮ ድራማ ወይም የድምፅ ዘገባ ሠርታችሁ አስገቡ መባላችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ምክር የሚሰጥ ጓደኛ ይበዛል። ምክሩ ግን ሁሉም አይሠራም።

«ችግር የለም፣ ሚክስ ላይ እናስተካክለዋለን»

ሚክስ የተቀዱት ድምፆች የሚዋሃዱበት ደረጃ ነው። እንደዚህ ሥራ የሚያበላሽ አባባል የለም። ባዶ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ግድግዳው የመለሰውን ድምፅ ይዞ ይመጣል። ያ ማስተጋባት ከተናጋሪው ድምፅ ጋር አንዴ ከተደባለቀ በኋላ መለየቱ ከባድ ነው። የሚያጸዱ ፕለጊኖች (በድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ የሚጨመሩ መሣሪያዎች) አሉ። ጠንከር ስታደርጓቸው ግን ሰውዬው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

ስለዚህ ድካሙ ቀረጻው ላይ ይሁን። ፍራሽና መጋረጃ ያለበት መኝታ ክፍል ከመማሪያ ክፍል ይሻላል። ግድግዳው ላይ ጋቢ ስቀሉ፣ ፍሪጁን ንቀሉ፣ ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁ። ተናጋሪው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መለኪያው -12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ ይበቃል፤ ጣሪያው 0 ነው። በ24 ቢት (መቅጃው ላይ በሚመረጠው ከፍ ያለ ጥራት) ከቀዳችሁ ዝቅ ያለውን በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ከልክ አልፎ አናቱ የተቆረጠውን ግን መመለስ አስቸጋሪ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ማንም ሳይናገር ክፍሉን ራሱን ለ30 ሰከንድ ቅዱት። «እእእ» የሚለውን ቆርጣችሁ ስታወጡ ክፍተቱን የምትሞሉት በዚያ ነው።

«ሚክሲንግና ማስተሪንግ ያው ናቸው»

አይደሉም። ሚክሲንግ ንግግሩን፣ ክራሩንና የገበያውን ጫጫታ እርስ በርስ ማመጣጠን ነው። ማስተሪንግ ያለቀውን ሥራ ለሚሰማበት ቦታ ማዘጋጀት ነው። ክራሩ ንግግሩን ከዋጠው ወደ ሚክሱ ተመለሱ።

«በጣም ሲጮህ ነው ፕሮፌሽናል የሚመስለው»

ስፖቲፋይ የሚጫነውን ሥራ በተለመደው ቅንብሩ ወደ -14 ሉፍስ ያመጣዋል። ሉፍስ ጆሯችን በአማካይ የሚሰማውን የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። ሊሚተሩን (የድምፁ ጫፍ ከጣሪያው እንዳያልፍ የሚይዘውን መሣሪያ) ጨቁናችሁ -7 ብታደርሱት 7 ዴሲቤል ይቀነስባችኋል። ጩኸቱ ይሄዳል፣ የተጨፈለቀው ድምፅ ግን እንደተጨፈለቀ ይቆያል። ዩቲዩብም የጮኸውን ዝቅ ያደርጋል። አፕል ፖድካስት -16 አካባቢ ይመክራል፤ ጫፉ ደግሞ ከ-1 ዴሲቤል እንዳያልፍ። የአውሮፓ የስርጭት መለኪያ -23 ነው። ለንግግር እኔ -16ን እመርጣለሁ። መምህሩ ሌላ ካሉ ግን የመምህሩ ይሁን፤ ማርኩ እሳቸው ዘንድ ነው።

«በጆሮ ማዳመጫዬ አምሯል፣ አለቀ»

አድማጩ ታክሲ ውስጥ በስልክ ስፒከር ሊሰማው ይችላል። የከበሮው ወፍራም ድምፅ ከዚያ ስፒከር አይወጣም። ድምፅን ወደ ጎን የሚያሰፉ ኢፌክቶችም ግራና ቀኙ ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ ድምፅ፣ ሲጠቃለል እርስ በርስ ሊጠፋፉ ይችላሉ። ከማስገባታችሁ በፊት በሞኖ አንድ ጊዜ ስሙት።

«ኤምፒ3ውን ወደ ዋቭ ብቀይረው ጥራቱ ይመለሳል»

ዋቭ ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል ነው፤ ኤምፒ3 ሲጨመቅ የጠፋውን ግን አይመልስም። የሚጨምረው የፋይሉ ክብደት ብቻ ነው። በሲዲ ጥራት የወጣ ስቴሪዮ ዋቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ128 ኪሎቢት የወጣ ኤምፒ3 ደግሞ 1 ሜጋባይት ገደማ። ዋቩን ለራሳችሁ አስቀምጡ፤ ጥቅል ለሚገዛ ጓደኛ ኤምፒ3ውን ላኩ። እርማት ሲመጣ ግን ከኤምፒ3ው ላይ አትሥሩ፤ በተጨመቀ ቁጥር ይጎዳል። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» የሚለውን ምረጡ። ከስፒከር አጫውቶ በድምፅ መልእክት መቅዳትማ ይቅርባችሁ።

«ከ30 ሰከንድ በታች ሙዚቃ ነፃ ነው»

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንዲህ ያለ የሰከንድ ገደብ የለውም። ለማስተማር የተወሰነ ፈቃድ ይሰጣል፤ ክፍል ውስጥ ያለፈው ሥራ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዘፋኙን ስም መጥራትም ፈቃድን አይተካም። «የባህል ዜማ ነው» የሚለውም ብዙ አያስኬድም፤ ዜማው የጥንት ቢሆን እንኳ የቀረጻው መብት የባለቤቱ ነው። ክራር የሚመታ ጓደኛ ካላችሁ ሁለት ደቂቃ አስመቱት። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፣ ስሙንም መጨረሻ ላይ ጥሩለት።