ኮንትሮል ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ፈሳሽ ማዳበሪያ ሲያስተዋውቅ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ለጠፈ። በቀኝ በኩል ዓይን የሚያጠግብ ጤፍ። በግራ በኩል ቢጫ የሆነ፣ አረም የዋጠው ጤፍ። ከግራው ሥር «ኮንትሮል» ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ፣ ያ ኮንትሮል አይደለም። ባለቤት ያጣ ማሳ ነው።

ሙከራ ለምን እንደሚሠራ አላስረዳም፤ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ኮንትሮል ማለት «ምንም ያልተደረገለት» የሚመስለው ሰው ብዛት ነው። ኮንትሮል ለማወዳደሪያ የተከለለ ቁራሽ መሬት (መደብ) ነው፤ ከሚፈተነው አንድ ነገር በቀር ሁሉም ይደረግለታል። እኩል ይታረሳል። በዚያው ቀን፣ ያው ዘር፣ በዚያው መጠን ይዘራበታል። እኩል ይታረማል። የሚፈተነው ቅጠል ላይ የሚረጭ ማዳበሪያ ከሆነ ኮንትሮሉም ይረጫል፤ ባዶ ውሃ። «ውሃ ምን ይፈይዳል?» ትሉ ይሆናል። ዝናብ በቆረጠበት ሳምንት ይፈይዳል። ደግሞም ረጪው መርጫውን አዝሎ ሲገባ የሚረግጠው ጤፍ አለ። እሱም በሁለቱም በኩል እኩል ይሁን።

ሁለት ሳህን ያለውን የገበያ ሚዛን አስቡት። በርበሬ ሲመዘንላችሁ መጀመሪያ ሳህኖቹ ባዷቸውን እኩል መቆማቸውን ታያላችሁ። አረሙን በአንድ በኩል ብቻ የነቀለ ነጋዴ ጣቱን ሳህኑ ላይ አሳርፏል። «የአምናው ምርቴ ኮንትሮሌ ነው» የሚለው ደግሞ አንደኛውን ሳህን አምና ገበያ ትቶት መጥቷል፤ የአምናው ዝናብ የዘንድሮው አይደለም። ነፋስ ባለበት ቀን ሚዛኑ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ደጋግማችሁ ትመዝናላችሁ። በአንድ መደብ ብቻ ተሠርቶ «ተረጋገጠ» የሚባል ነገር የማልቀበለው ለዚህ ነው።

እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል የምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ማዳበሪያም ፍግም ያልነካው የስንዴ መደብ አለ። እስካሁን በሄክታር 1 ቶን ገደማ ይሰጣል። ግን የተረሳ መሬት አይደለም። አዲስ ዝርያ ሲመጣ ለእሱም ይዘራበታል፤ የአረም መድኃኒት ሲመጣ ለአብዛኛው ክፍሉ እሱም ደርሶታል። የተከለከለው ማዳበሪያው ብቻ ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ገበሬው በዓይኑ ካየ በቂ ነው፤ ሳይንስ አታብዙ» ብሎኛል። ዓይን ልዩነቱን ያያል፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ግን አያይም። መረሬ አፈር ላይ፣ ተዳፋት ያለው ማሳ ውሰዱ። ማዳበሪያውን ከላይ አድርጋችሁ ኮንትሮሉን ውሃ የሚተኛበት ከታች ብታደርጉ ማን አሸነፈ? ተዳፋቱ ነዋ። ስለዚህ የትኛው መደብ ምን እንደሚያገኝ በዕጣ ይለያል፤ «ይሄኛው ደህና ይመስላል» ብሎ በምርጫ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1919 ሮታምስቴድ የገባው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር አጥብቆ የተሟገተለት አንዱ ነገር ይሄ ዕጣ ነው።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። የምርጥ ዘር ሙከራ ላይ ኮንትሮሉ ደካማ ዘር መሆን የለበትም። እዚህ ላይ ኮንትሮሉን እኛ ቼክ እንለዋለን፤ እስከዛሬ ካሉት የተሻለው ዘር ነው። አዲስ የጤፍ ዝርያ ይዞ የመጣ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ከወጣው ቁንጮ ከሚባለው ዝርያ ጋር ያወዳድር እንጂ ከተዳከመ ዘር ጋር አወዳድሮ አይፎክር። ጤፍ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ናይትሮጅን ሲበዛበት ይጋሽባል፤ ፎቶ ላይ ለምለም የነበረው አጨዳ ላይ መሬት ተኝቶ ይገኛል። ከመደቡ ዳር ያለውም ብርሃንና ቦታ ስለሚተርፈው ከመሀሉ ይልቅ ያምራል። ዳሩን ሳትተዉ አትመዝኑ።

በገበሬ ማሳ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባለማሳው ኮንትሮሉ ሲገረጣ አንጀቱ አይችልም። ማታ እፍኝ ዩሪያ ጣል ያደርግለታል። አልፈርድበትም፤ ጤፉ የልጆቹ እንጀራ ነው። ስለዚህ ከዘር በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፦ ኮንትሮሉ ላይ የሚጎድልበትን ምርት ማን ይተካለታል?