«ልምድዎን ያካፍሉን»፦ ስለ መካሪነት ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

በየትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ አንድ ደብዳቤ ይደርሰኛል። ላኪው ቢለያይም ቃሉ አይለወጥም፤ «የካበተ ልምድዎን ለወጣት ተማሪዎቻችን እንዲያካፍሉልን በአክብሮት እንጋብዛለን» ይላል። ከዚያ አዳራሽ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የአርባ ደቂቃ ንግግር፣ የአሥር ደቂቃ ጥያቄና የቡድን ፎቶግራፍ ይከተላል። በማግስቱ «የመካሪነት መርሐ ግብሩ በይፋ ተጀመረ» ይባላል። የተጀመረው ነገር ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሃያ ስድስት ዓመት በሕዝብ አገልግሎት ሠርቻለሁ፤ ከመዝገብ ቤት ተነሥቼ መምሪያ እስከ መምራት። በሥራ ላይ ሳለሁም ከዚያ ወዲህም ለሲቪክ አመራር የሚዘጋጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እመክራለሁ። ከታች ያሉትን ስህተቶች ከተማሪዎች፣ ከአስተባባሪዎችና ከራሴ የሥራ ባልደረቦች ሰምቻቸዋለሁ። ሁለቱን ራሴም አምኜባቸው ነበር።

«ሲቪክ አመራር ማለት ለምርጫ መወዳደር ነው»

አይደለም። የተማሪዎች ኅብረትን በጀት ቁጭ ብሎ የሚመረምር፣ የሰፈሩን የመብራት ችግር ይዞ ትክክለኛውን ቢሮ የሚያንኳኳ፣ የወላጆች ኮሚቴን ስብሰባ በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ የሚጨርስ ሰው የሲቪክ መሪ ነው። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

«ጎበዝ ተማሪ ብቻ ነው መመረጥ ያለበት»

የፈተና ውጤት የሚነግረን ተማሪው ፈተና መሥራት እንደሚችል ነው። እኔ የምፈልገው የያዘውን ቀጠሮ የሚያከብርና «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ የማያፍር ልጅ ነው።

«ጡረታ የወጣ ሰው ዘመኑ አልፎበታል»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ላይ ከእኔ የፈጠኑ ሰዎች ናቸው። ልክ ናቸው፣ ይፈጥናሉ። ነገር ግን ፍራንሲስ ፐርኪንስን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1945 የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነው የሠሩ፣ በዚያች አገር ካቢኔ ውስጥ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የ1935ቱ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ሲረቀቅ ሥራውን የመራው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። በእርጅናቸው ዘመን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገብተው አስተማሩ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ ቤት ውስጥ ከወጣቶች ጋር ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 በ85 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከተማሪዎች አልተለዩም። ወደ እኒህ ሴት ኋላ እመለሳለሁ፤ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ስህተት ከእኔ በተሻለ ያፈርሱታል።

«ልምድ በንግግር ይተላለፋል»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጀመሪያው ተመካሪዬ ሥርዓት ያለው፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያዳምጥ ልጅ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ በየሁለት ሳምንቱ ቢሮዬ መጣ። እኔም አወራሁ። የጠፋ መዝገብ እንዴት እንዳስገኘሁ፣ ከአለቃዬ ጋር ተከራክሬ እንዴት እንደረታሁ፣ ሁለት ተቀናቃኝ መምሪያዎችን እንዴት እንዳስታረቅሁ ተረክሁለት። ልጁ ራሱን እየነቀነቀ ማስታወሻ ያዘ። በስምንተኛው ወር አንድ እውነተኛ የቅሬታ ጉዳይ ሰጥቼ «ለኃላፊው የሚቀርብ አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅ» አልኩት። ስለ ፍትሕ የተጻፈ ሦስት ገጽ ይዞ መጣ። ቋንቋው ያማረ ነው። ኃላፊው ምን እንዲወስን እንደተጠየቀ ግን የትም ቦታ የለም። ቀን የለም፣ ፈጻሚ የለም፣ ውሳኔው ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ የለም። ድሎቼን ሁሉ በቃሉ ያውቃል፤ አንድ ጉዳይ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚሄድ ግን አያውቅም። ከየት ያውቀዋል? ያንን አላሳየሁትም፤ ያሳየሁት ራሴን ነበር።

ንግግር ለምን አይሠራም? ታሪክ ሲነገር መንገዱ ቀጥ ስለሚል ነው። ከአሥር ዓመት በፊት የወሰንኩትን ውሳኔ ዛሬ ስተርከው ያን ቀን የነበረው ጥርጣሬ ተንኗል፤ ሁለት ጊዜ የቀደድኩት ረቂቅ ተረስቷል፤ በአጋጣሚ ያለፈው አደጋ «አስቀድሜ ያየሁት» ሆኗል። እንዋሻለን ማለቴ አይደለም፣ ትዝታ የራሱን ቤት ስለሚያጸዳ ነው። ተማሪው የሚያስፈልገው ግን ያ የተጠረገው ቆሻሻ ነው። ጥርጣሬውን፣ የተሰረዘውን መስመር፣ «ይህን አላውቅም፣ ጠይቄ ልመለስ» የሚለውን ቃል ማየት አለበት።

አሁን ወደ ፐርኪንስ ልመለስ። ተማሪ ሳሉ አና ሜይ ሶል የተባሉ የታሪክ መምህራቸው ተማሪዎቹን ስለ ሠራተኞች ኑሮ ከማውራት ይልቅ በአቅራቢያው ወዳሉት ፋብሪካዎች ሄደው እንዲያዩ አደረጉ። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ የትሪያንግል ልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሰዎች ሲያልቁ ፐርኪንስ በቦታው ተገኝተው አይተዋል። ቀጥሎ የተቋቋመው የፋብሪካዎች መርማሪ ኮሚሽን መሪዎች ሮበርት ዋግነርና አል ስሚዝ የተባሉ የሕግ አውጪዎች ነበሩ። ፐርኪንስ ሪፖርት አንብበው አላሳመኗቸውም፤ ይዘዋቸው ሄዱ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ከፋብሪካ የሚወጡ ሴቶችን አሳዩ። ዋግነርን ደግሞ «የእሳት መውጫ» በተባለች ጠባብ ቀዳዳ በደረታቸው እንዲሾልኩ አደረጉ፤ ከቀዳዳዋ ማዶ የሚጠብቀው በረዶ የጋገረበት መሰላል ነበር። እኚሁ ዋግነር ናቸው እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራተኞችን የመደራጀት መብት ያስከበረው ሕግ አመንጪ የሆኑት። ቀዳዳዋ ብቻዋን ሕጉን ወለደች አልልም። አርባ ደቂቃ ንግግር ግን ያቺን ቀዳዳ አይተካም።

ሁለተኛዋን ተመካሪዬን በሌላ መንገድ ያዝኳት። ተሰብሳቢዎቹን አስፈቅጄ እኔ በምመራው ስብሰባ ላይ አስቀመጥኳትና «ቃለ ጉባኤውን አንቺ ያዢ» አልኳት። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሁላችንም ተጨባብጠን፣ ጥሩ ሥራ እንደሠራን እየተሰማን ተለያየን። በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ውሳኔውን መጻፍ አልቻልኩም» አለችኝ።

«ለምን?»

«የለም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁሉም ሰው ‹መታየት አለበት› ብሏል። ማን እንደሚያየው ግን አንድም ሰው አልተናገረም።»

ደብተሯን ተቀብዬ አነበብኩ። እውነቷን ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ስብሰባ የመራሁት እኔ ባዶ እጄን ወጥቼ አላወቅሁም ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ መጨረሻ ላይ ውሳኔውን ጮክ ብዬ ተናገርኩ፤ አንድ ስምና አንድ ቀን አስመዘገብኩ። («ኮሚቴው» ስም አይደለም።) እሷ ከዚያች ቀን ያገኘችውን ትምህርት በስንት ሰዓት ንግግር እንደምሰጣት እንጃ።

ስለዚህ ለመካሪዎች የምለው ይህ ነው። አለቃችሁ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ የመለሰላችሁን ረቂቅ ካልጣላችሁት ለተመካሪዎቻችሁ አሳዩአቸው፤ ከንጹሑ ይልቅ የተሰረዘው ያስተምራል። አንድ ያለቀ ጉዳይ ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ግልባጭ እነሱ ያንብቡትና የት ቦታ ለስንት ቀን እንደተኛ ይቁጠሩ። የበጀት ሰነድ ስጧቸው፤ ምን ላይ እንደወጣ ብቻ ሳይሆን ያልወጣው ገንዘብ ለምን እንዳልወጣ ጠይቋቸው። ግማሽ ቀን በተገልጋዮች ወረፋ ላይ ይቁሙ፤ ማንነታቸውን ለመስኮቱ ሠራተኛ ሳይናገሩ። ከስብሰባ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ «ማን የሚቃወም ይመስልሃል?» በሉ፤ ከስብሰባው በኋላ ደግሞ «ምን አስገረመህ?» በሉ። በሁለቱ መካከል ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ለእኛ ለአለቆች በጣም ይከብደናል፤ በጊዜው ግን ይለመዳል። የግለሰብ የግል ማኅደር፣ የዲሲፕሊን ክስና ገና ያልተወሰነ ጨረታ ግን ለተማሪ አይታዩም። ይህን ለተማሪው በግልጽ ንገሩት፤ ሚስጥር መጠበቅም የትምህርቱ ክፍል ነው።

ነገሬ ላይ አንድ ልጨምር። ፈረንጆቹ መካሪን የሚጠሩበት «ሜንቶር» የሚለው ቃል የመጣው ኦዲሲ ከተባለው የጥንታዊው ግሪካዊ ባለቅኔ የሆሜር ግጥም መሆኑን በየአዳራሹ ይነግሩናል፤ ጥበበኛው መካሪ ሜንቶር ወጣቱን ቴሌማከስን እንዳሳደገው አድርገው። ግጥሙን ያነበበው ግን ሌላ ነገር ያያል። የቴሌማከስ አባት፣ የኢታካ ንጉሥ ኦዲሲየስ ወደ ጦርነት ሲሄድ ቤቱን ለሜንቶር አደራ ሰጠ፤ ቤቱ ግን ሚስቱን እናግባ ባሉ ጎረምሶች ተወረረ። ቴሌማከስን መንገድ የመራችው የሜንቶርን መልክ የለበሰችው የግሪኮች የጥበብ አምላክ አቴና ናት። ለቃሉ የዛሬውን ዝና የሰጠው ደግሞ ፌነሎን የተባለው ፈረንሳዊ ጳጳስ እ.ኤ.አ. በ1699 የታተመለት ድርሰት ነው፤ የሉዊ 14ኛን የልጅ ልጅ ያስተምር ስለነበር ሜንቶርን የወጣት መስፍን የአስተዳደር መምህር አደረገው። የሆሜሩ ሜንቶር ግን አንድ ቦታ ላይ እወደዋለሁ። በኢታካ ጉባኤ መካከል ተነሥቶ ይናገራል፤ የሚቆጣውም በጎረምሶቹ ላይ አይደለም፣ ብዙ ሆነው ሳለ ጥቂቶቹን ሳይገሥጹ ዝም ብለው በተቀመጡት ሰዎች ላይ ነው። ቴሌማከስም ያን ጊዜ እዚያው ጉባኤ ውስጥ ሆኖ ያያል።

«መካሪ ማለት በር የሚያስከፍት ሰው ነው»

አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የሕይወት ታሪኩን ወረቀት አምስት ቅጂ ይዞልኝ መጣ። «ለሚያውቋቸው ኃላፊዎች እንዲሰጡልኝ» አለ። አልተቆጣሁትም፤ ያሳደገው ወሬ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ ሥልጣን ያለው ሰው ሲያገኝ ድርሻውን ቢጠብቅ አይገርምም።

ይሁን እንጂ በሕዝብ አገልግሎት ውስጥ ይህ ስህተት ቀልድ አይደለም። ሥራው ራሱ የተመሠረተው ከዚህ ጋር ተጣልቶ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1854 የቀረበው የኖርዝኮትና ትሬቬልያን ሪፖርት ሠራተኛ በዝምድናና በደጋፊ ሳይሆን በውድድር ፈተና እንዲቀጠር የጠየቀው ቢሮዎቹ ደጋፊ ባላቸው ሰዎች ልጆች ተሞልተው ስለነበር ነው። በአሜሪካ ፕሬዝዳንት ጋርፊልድን እ.ኤ.አ. በ1881 የተኮሰባቸው ሰው «ሹመት ይገባኛል» ብሎ ሲመላለስ የነበረ ሰው ነው። እሳቸው በዚያ ቁስል ሞቱ፤ በ1883 ደግሞ በችሎታ መቀጠርን የሚደነግገው የፔንድልተን ሕግ ወጣ። ስለዚህ ተመካሪውን በጓሮ በር የሚያስገባ መካሪ ውለታ አልዋለለትም፤ በመጀመሪያው ቀን የሙያውን መሠረት እንዲረግጥ አስተምሮታል።

የማደርገውን ልንገራችሁ። ከአንድ ባለሙያ ጋር ተገናኝቶ ጥያቄ እንዲጠይቅ አስተዋውቀዋለሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ከጠየቀኝ በዓይኔ ያየሁትን ሥራውን ብቻ እጽፋለሁ። ተመካሪዬ በተወዳደረበት የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ካለሁ ግንኙነታችንን አሳውቄ እወጣለሁ። አንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ያኮረፈኝ ተመካሪ ነበር፤ ሰላምታችን የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

«አንድ ጥሩ መካሪ ይበቃል»

አይበቃም። ስለ በጀት የሚያውቅ፣ ስለ ሰው አያያዝ የሚያውቅ፣ አንዳንዴም ከእኔ ጋር የማይስማማ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል።

«የሚማረው ተማሪው ብቻ ነው»

አንዱ ተመካሪዬ ከአገልግሎት መስኮቱ ወረፋ ላይ ቆሞ ተመለሰና አንድ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ይህን ማስረጃ እኮ የሰጠነው እኛው ነን፤ ለምን መልሰን ከባለጉዳዩ እንጠይቃለን?» አለኝ። ቅጹን ከብዙ ዓመት በፊት የፈረምኩበት እኔ ነኝ። መልስ አልነበረኝም፤ መስመሩ ተሰረዘ።

«ከመካሪ መለየት ውለታ መርሳት ነው»

ካቲ ክራም የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት የመካሪና የተመካሪ ግንኙነት አራት ምዕራፎች እንዳሉት ጽፈዋል፦ መጀመር፣ መጎልበት፣ መለያየትና በአዲስ መልክ መገናኘት። ሦስተኛው እንደ ውድቀት አልተቆጠረም፤ መምጣት ያለበት ነገር ነው። ሲመጣ ግን ያማል፤ በተለይ እኛን። በየሳምንቱ ይደውል የነበረ ልጅ ዝም ሲል «ምን አጠፋሁ?» እንላለን። ምንም አላጠፋንም፤ ሥራ ይዟል።

ያቺ ቃለ ጉባኤ የያዘችው ተመካሪዬ ዛሬ የራሷን መምሪያ ትመራለች። አንድ ዓመት ያህል ድምፅዋን ሳልሰማ ቆይቼ በቅርቡ ደወለች። ምክር ፈልጋ አልነበረም፤ እኔ በሥራ ዘመኔ ያወጣሁትን አንድ የአሠራር መመሪያ ልትሽረው መሆኑን ከሌላ ሰው ከመስማቴ በፊት ራሷ ልታሳውቀኝ ነው። ምክንያቷን በአንድ ገጽ ጽፋ ላከችልኝ። የሚጠየቀው ውሳኔ አለ፤ ፈጻሚው በስም አለ፤ ቀኑም አለ። ወጪው ላይ ግን የመደመር ስህተት ስላገኘሁ መልሼ ደወልኩላት።