ከ«ሩሲያ» እስከ መንደሩ፦ የፖላንድ ስደተኛ ቤተሰብን በአሜሪካ ቆጠራና በውትድርና መዛግብት መፈለግ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ አሜሪካ የተሻገረን የፖላንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ የሚፈልግ ሰው ገና ሲጀምር አንድ ነገር ያደናግረዋል፤ ቤተሰቡ ከቀዬው በተነሳበት ጊዜ ፖላንድ የሚባል መንግሥት አልነበረም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ አገሪቱን በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ተቀራምተው ከካርታ አጥፍተዋታል፤ እንደ መንግሥት እንደገና የቆመችው በኖቬምበር 1918 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስለዚህ ከፖዝናን የመጣው ገበሬ በአሜሪካ ወረቀት ላይ «ጀርመን»፣ ከታርኑፍ የመጣው «ኦስትሪያ»፣ ከዎምዣ የመጣው «ሩሲያ» ተብሎ ይገኛል። ሦስቱም ግን በቺካጎ አንድ ሰፈር ኖረው፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በፖላንድኛ ሲጸልዩ ሊሆን ይችላል።

በአሜሪካ ጸንቶ የቆየው የመጀመሪያው የፖላንዶች መንደር በ1854 ከሳይሌዥያ በመጡ ሰዎች በቴክሳስ የተቆረቆረው ፓና ማሪያ ነው። ብዙኃኑ የመጡት ግን ከዚያ በኋላ ሲሆን መድረሻቸውም እርሻ ሳይሆን ፋብሪካ ነበር፤ ቺካጎ፣ ባፋሎ፣ ሚልዋኪ፣ ዲትሮይት፣ የፒትስበርግ ብረት ማቅለጫዎችና የፔንሲልቬንያ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች። አብዛኛው እንጀራ ፍለጋ ወጣ፤ ከወጣቶቹ ደግሞ ቀላል የማይባለው የባዕድ ንጉሥ ወታደር ላለመሆን ሸሸ።

የፍለጋው ዓላማ አንዲት የመንደር ስም ማግኘት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በፖላንድ ምድር የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ የተያዘው በየቁምስናው (በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ) ነው፤ «አያቴ ከፖላንድ መጣ» ብሎ የሚነሳ ሰው የትኛውን መዝገብ እንደሚከፍት አያውቅም። የአሜሪካ ቆጠራ መንደር አይጠይቅም። የውትድርና ወረቀት ግን አንዳንዴ ይጠይቃል። ሁለቱን ማጋጠም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቆጠራው የሚናገረውና የማይናገረው

አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሕዝቧን ትቆጥራለች። እስከ 1840 በስም የሚመዘገበው አባወራው ብቻ ነበር፤ ነጻ ሰው ሁሉ በስሙ የተጻፈው ከ1850 ጀምሮ ነው። የግለሰቦች ዝርዝር ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ስለሆነ የ1950ው ቆጠራ የተከፈተው በኤፕሪል 2022 ነበር። ለፖላንድ ቤተሰቦች ትልቁ ክፍተት የ1890ው ነው። በጃንዋሪ 1921 በዋሽንግተን የንግድ ሚኒስቴር ሕንጻ ላይ በተነሳ እሳትና እሳቱን ባጠፋው ውሃ አብዛኛው ተበላሽቶ፣ የተረፈውም በኋላ እንዲወገድ ተደርጓል። በ1881 መጥቶ በ1899 የሞተ ሰው በቆጠራ ላይ ጨርሶ ላይታይ ይችላል ማለት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያወራው የ1900ው ነው። የተወለዱበትን ወርና ዓመት፣ በትዳር የቆዩበትን ዘመን፣ አሜሪካ የገቡበትን ዓመት ይሰጣል። እናቲቱን «ስንት ወለድሽ? ስንቱ በሕይወት አሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በአንድ መስመር ላይ 9 እና 4 ተጽፎ ሲታይ ስማቸው በየትኛውም ቆጠራ ያልሰፈረ አምስት ልጆች እንደሞቱ ይታወቃል፤ እነሱን በቁምስናው የቀብር መዝገብ መፈለግ ነው። የዜግነት ዓምዱ በሁለት ፊደል ይሞላል፦ «ኤን-ኤ» ዜግነት የወሰደ፣ «ፒ-ኤ» ዜግነት ለመጠየቅ የመጀመሪያውን ወረቀት ያስገባ፣ «ኤ-ኤል» የውጭ ዜጋ። ይህን ዓምድ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል፤ የፍርድ ቤት ማኅደር መኖር አለመኖሩን የሚጠቁመው ግን እሱ ነው።

የትውልድ አገርን በተመለከተ የቆጣሪዎቹ መመሪያ በየአሥር ዓመቱ ይለዋወጥ ነበር። በ1900 ፖላንድኛ ተናጋሪ ሲያጋጥማቸው የትውልድ ቦታው በጀርመን፣ በኦስትሪያ ወይስ በሩሲያ ፖላንድ እንደሆነ ጠይቀው እንዲለዩ ታዘዋል። በ1910 አገሩ ይጻፍና ቋንቋው ይከተለዋል፣ «ሩሲያ-ፖላንድኛ» እንደማለት። በ1920 የጀርመን፣ የኦስትሪያ-ሃንጋሪና የሩሲያ ተወላጆች ክፍለ ሀገራቸው ወይም ከተማቸው እንዲጨመር ስለተባለ አንዳንድ ቆጣሪ «ጋሊሺያ» (ኦስትሪያ የያዘችው የፖላንድ ክፍል) ወይም «ፖዘን» (ፖዝናን በጀርመንኛ) ብሎ ትቶልናል። በ1930 የተጠየቀው ቦታው አሁን በየትኛው አገር ውስጥ ነው የሚል ነበር። አንዲት ሴት በ1910 ሩሲያ፣ በ1930 ፖላንድ ተወልዳ ብትገኝ ሁለት ሰው አይደለችም፤ የተንቀሳቀሰው ድንበሩ ነው። እንዲህ ያለው ልዩነት ስህተት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የትኛው ገዢ ግዛት እንደነበር የሚነግረን ማስረጃ ነው።

በዕድሜና በመጡበት ዓመት ላይ ግን ቆጠራን ማመን ደግ አይደለም። መልስ የሰጠው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ባል ሥራ ላይ ሆኖ ሚስት፣ ሚስት እንግሊዝኛ ሳትችል ልጅ፣ አንዳንዴም ጎረቤት ይመልስ ነበር። መልስ ሰጪውን በክብ ውስጥ ባለ የኤክስ ምልክት የሚያሳየው የ1940ው ነው። ሌላው መታየት ያለበት ደባሉ ነው። በፖላንድ ሰፈሮች አራትና አምስት ደባል የያዘ ቤት ብርቅ አልነበረም፤ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የአባወራው የአገር ልጆች ወይም የሚስት ወንድሞች ናቸው። የራስ ዘመድ መንደር ሳይገኝ ሲቀር የደባሉ ወረቀት ሊያወጣው ይችላል።

ስሙ የት ጠፋ

ስሞች በኤሊስ ደሴት ተቀየሩ የሚለው ወሬ ሥር የሰደደ ነው፤ ግን ትክክል አይደለም። ከጃንዋሪ 1892 ጀምሮ ስደተኛ ይቀበል የነበረው የዚህ ጣቢያ ሠራተኛ በእጁ የያዘው መርከቡ ገና ከብሬመን ወይም ከሃምቡርግ ሳይነሳ የተጻፈ ዝርዝር ነበር፤ ሥራውም ከዚያ ላይ ማመሳከር ነው። ስም የተቀየረው በፋብሪካው፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቆጣሪው ጆሮና በራሱ በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ቮይቼህ አልበርት፣ ስታኒስዋፍ ስታንሊ፣ ቭዋዲስዋፍ ዋልተር፣ ቼስዋፍ ቼስተር፣ ያድቪጋ ሃቲ ሆነው ይገኛሉ። በ«ስኪ» የሚያልቅ የቤተሰብ ስም ለሴት በ«ስካ» ስለሚያልቅ የኮቫልስኪ ሚስት በመርከቡ ዝርዝር ኮቫልስካ ናት።

የ1880፣ የ1900 እና የ1920 ቆጠራዎች መፈለጊያ የተሠራው ሳውንዴክስ በሚባል የድምፅ ኮድ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይቀመጥና ተከታዮቹ ተነባቢዎች በሦስት ቁጥር ይወከላሉ። ዘዴው የተሠራው ለእንግሊዝኛ ጆሮ ነው፤ ችግሩም ከዚያ ይመጣል። ኮቫልስኪ በፖላንድኛ አጻጻፍ በደብልዩ ሲጻፍ ኮዱ ደብልዩን እንደ አናባቢ ስለሚዘለው ኬ-420 ይሆናል። ቆጣሪው እንደሰማው በቪ ከጻፈው ግን ቪ ቁጥር 1 ስላላት ኬ-142 ይወጣል። ያው ቤተሰብ በሁለት የተራራቁ መሳቢያዎች ውስጥ ገባ ማለት ነው። በ1985 የወጣው የዳይች-ሞኮቶፍ ኮድ የምሥራቅ አውሮፓ ስሞችን አነባበብ ስለሚያውቅ ይህን ችግር በአብዛኛው ያቃልላል። ሁሉም ካልሠራ የቀረው መንገድ ስሙን ትቶ አድራሻውን ከከተማው የነዋሪዎች ማውጫ አውጥቶ የቆጠራውን ወረዳ ገጽ በገጽ ማንበብ ነው፤ አድካሚ ቢሆንም ከማንኛውም መፈለጊያ ይልቅ አስተማማኝ ነው።

የውትድርና ምዝገባ ካርድ

አሜሪካ አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ወንዶችን ለብሔራዊ ውትድርና በሦስት ዙር መዘገበች፦ ጁን 5 ቀን 1917 ከ21 እስከ 31 ዓመት ያሉትን፣ በጁንና በኦገስት 1918 ከዚያ ወዲህ 21 የሞላቸውን፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1918 ደግሞ ከ18 እስከ 45 ያሉትን ቀሪዎች። 24 ሚሊዮን ያህል ካርድ ተሞላ። ዜጋ ያልሆነም መመዝገብ ነበረበት፤ ስለዚህ ዕድሜው የደረሰ የፖላንድ ስደተኛ ሁሉ ካርድ ሊኖረው ይገባል። መመዝገብ ግን መዝመት አይደለም፤ በግዳጅ ተጠርተው ሠራዊቱን የተቀላቀሉት 2.8 ሚሊዮን ያህል ናቸው። ካርድ አግኝቶ «ቅድመ አያቴ ዘምቶ ነበር» ማለት የተለመደ ችኮላ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ካርድ ለፈላጊው የወርቅ ያህል ነው። የተወለደበትን ከተማ ወይም መንደርና አገር፣ ዜግነቱን፣ አሠሪውን፣ የሚያስተዳድራቸውን ሰዎች ይጠይቃል። አሥራ አንደኛው ጥያቄ ከዚህ በፊት በየትኛው አገር ጦር፣ በምን ማዕረግ፣ ስንት ዓመት አገልግለሃል ይላል፤ «ሩሲያ፣ እግረኛ» የሚል መልስ ከተገኘ ሰውየው ከሃያ ዓመቱ በኋላ እንደመጣ ፍንጭ ነው። በጀርባው መዝጋቢው ቁመቱን፣ የዓይኑን ቀለም፣ ራሰ በራ መሆን አለመሆኑን ሳይቀር ይሞላል። ፎቶ ላልቀረለት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሁለተኛው ዙር ካርድ የአባትን የትውልድ ቦታም ጨመረ። የሦስተኛው ዙር ግን የትውልድ ቦታ አይጠይቅም፤ በምትኩ የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ይሰጣል።

የመንደሩ ስም የተጻፈው ፖላንድኛ በማያውቅ ጸሐፊ ጆሮ ስለሆነ እንዳለ አይወሰድም። ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያ በ1880 እና በ1902 መካከል በዋርሶ ከታተመው ባለ 15 ቅጽ የጂኦግራፊ መዝገበ ቃላት ጋር ማመሳከር የቆየ ዘዴ ነው። አንድ ስም ያላቸው መንደሮች ብዙ ስለሆኑ (ዶምብሮቫና ኖቫ ቪየሽ የማይገኙበት አውራጃ ያለ አይመስልም) ወረዳው ካልታወቀ ስሙ ብቻውን በቂ አይደለም።

ካርዱ ያላስገኘውን ሌላ ዙር ሊያስገኘው ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1942፣ መንግሥት ከኤፕሪል 28 ቀን 1877 እስከ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1897 የተወለዱ ወንዶችን ለጦር ግንባር ሳይሆን ለአገር ውስጥ ሥራ ሲመዘግብ የትውልድ ቦታ ጠይቋል። በ1918 ሦስተኛው ዙር ላይ መንደሩን ያልተናገረ ሰው ከ24 ዓመት በኋላ እዚህ ሊናገር ይችላል።

የሐለር ጦር

ብዙ ተመራማሪ የሚዘነጋው አንድ የውትድርና ምንጭ የአሜሪካ ጦር እንኳ አይደለም። ፈረንሳይ በጁን 1917 በግዛቷ የፖላንድ ጦር እንዲቋቋም ስትፈቅድ ከአሜሪካ ከ20,000 በላይ የፖላንድ ተወላጆች በፈቃዳቸው ዘመቱ። የተመለመሉት የአሜሪካ ግዳጅ የማይመለከታቸው ነበሩ። ሥልጠናቸውን በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ናያግራ-ኦን-ዘ-ሌክ በሚገኘው ካምፕ ወሰዱ፤ በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ እዚያው ሞተው እዚያው ተቀብረዋል። ከዩኒፎርማቸው ቀለም የተነሳ ሰማያዊው ጦር፣ ከኦክቶበር 1918 ጀምሮ በመራቸው በጄኔራል ዩዜፍ ሐለር ስም ደግሞ የሐለር ጦር ይባላሉ። ከፈረንሳይ ወደ ፖላንድ ተሻግረው በድንበር ጦርነቶች ተዋግተዋል።

የምልመላ ቅጾቻቸው በቺካጎ በሚገኘው የአሜሪካ የፖላንድ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ የስም ማውጫውም በአሜሪካ የፖላንድ ዘር ሐረግ ማኅበር ተዘጋጅቷል። ቅጾቹን የሞሉት ፖላንድኛ የሚያውቁ መልማዮች ስለሆኑ የመንደሩ ስም በትክክለኛ ፊደል ይገኛል፤ በአሜሪካም በፖላንድም ያሉ የቅርብ ዘመዶች ስምም እንዲሁ። በእኔ ግምት አንድ የቤተሰቡ ወንድ በዚህ ጦር ውስጥ እንዳለ ከታወቀ ሌላውን ሁሉ ትቶ ከዚህ መጀመር ይሻላል። የ1930ው ቆጠራ ግን እነዚህን ሰዎች አያሳይም፤ የአርበኛነት ዓምዱ የሚጠይቀው ስለ አሜሪካ ጦር ብቻ ስለነበር ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሶ የዘመተ ሰው በትክክል ከተሞላለት መልሱ «አይደለም» ነው።

የተቃጠለው ማኅደር

በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ሰው የግል ማኅደር ሴንት ሉዊስ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ይቀመጣል። ጁላይ 12 ቀን 1973 እዚያ በተነሳ ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ማኅደር ወደመ፤ ከኖቬምበር 1912 እስከ ጃንዋሪ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ። የባሕር ኃይልና የማሪን ማኅደሮች አልተነኩም። ምድር ጦር የነበረ ሰው ፈላጊ ተስፋ ቆርጦ መቅረት የለበትም፤ የክፍሉ የዕለት ሪፖርት፣ በክፍለ ግዛት ደረጃ የተያዙ የአገልግሎት ማጠቃለያዎች፣ የወታደር መቃብር ድንጋይ ማመልከቻና የጡረታ ማኅደር ሌላ ቦታ ስለነበሩ ተርፈዋል። በሜይ 1918 የወጣ ሕግ ወታደሮች ያለ ረጅም ጥበቃ ዜግነት እንዲወስዱ ስለፈቀደ በወታደር ካምፕ አቅራቢያ ያሉ ፍርድ ቤቶችን መዝገብ ማየትም ያዋጣል።

መንደሩ ከታወቀ በኋላ

ከዚህ ወዲያ ፍለጋው ወደ ፖላንድ ይሻገራል፤ የሚጠብቀውም ቋንቋ እንደ ገዢው ይለያያል። በሩሲያ ክፍል መዝገቡ እስከ 1868 በፖላንድኛ፣ ከዚያ እስከ ዓለም ጦርነቱ በሩሲያኛ ነው፤ ቀኑም በጁልያንና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፋል። ሁለት አቆጣጠር ለለመደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ብዙም አያስደነግጥም፤ ልዩነቱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን 12፣ በ20ኛው 13 ቀን ብቻ ነው። በፕሩሲያ ክፍል ከኦክቶበር 1874 ጀምሮ የመንግሥት ምዝገባ በጀርመንኛ አለ። በጋሊሺያ የቁምስናው መዝገብ በላቲን፣ በሰንጠረዥ ነው። መቶ ዓመት ያለፈው የልደት፣ 80 ዓመት ያለፈው የጋብቻና የሞት መዝገብ ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይተላለፋል፤ ከእነዚህ ብዙው በነጻ በኢንተርኔት ይታያል። በፈቃደኞች የተሠራው ጌኔቴካ የተባለ ማውጫ በስም መፈለግ ያስችላል።

ሰውየው ከመሰደዱ በፊት የገዢዎቹ ወታደር ከነበረ ዕድሉ እንደ ክፍሉ ነው። የኦስትሪያ ጦር የወታደሮች መዝገብ በቪየና የጦር ቤተ መዛግብት ተይዟል። የፕሩሲያ ጦር ማኅደር ግን በኤፕሪል 1945 በፖትስዳም ላይ በደረሰው የአየር ድብደባ በአብዛኛው ወድሟል፤ ከፖዝናን ወይም ከፖሜራኒያ የመጣ ሰው ዘር የቀረው አማራጭ የቁምስናው መዝገብ ነው።