ሞተር ብሬክ ምንድን ነው? የፈጠረውስ ማን ነው?

ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ አባይ ድልድይ ለሚወርድ ከባድ መኪና ጭንቁ መሄድ አይደለም። ጭንቁ ፍጥነትን መያዝ ነው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ 390 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። ይህ አንድ ሺህ ሊትር ውሃ አፍልቶ የሚተርፍ ሙቀት ነው። የአባይ ሸለቆ ቁልቁለት ደግሞ ከ1,000 ሜትርም ያልፋል።

ያ ሁሉ ሙቀት የት ይሂድ? ሹፌሩ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ የሚያርፈው ከጎማው ጋር በሚዞረው ታምቡርና እሱን እየፈተገ በሚይዘው ሸራ ላይ ነው። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል። ሸራውም ከመጠን በላይ ሲሞቅ መያዝ ያቅተዋል። ሹፌሩ እስከ መጨረሻው ይረግጣል፣ መኪናው ግን አይሰማውም።

ሞተር ብሬክ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ከጎማዎቹ ፍሬን ላይ ወስዶ በጭስ ማውጫው በኩል የሚያስወጣ መሣሪያ ነው። መኪናውን ሲገፋ የነበረው ሞተር ራሱ መልሶ ይይዘዋል።

ናፍጣ ሞተር ይህ መሣሪያ ለምን አስፈለገው? የቤንዚን መኪና ነዳጅ መስጫውን ስንለቅ የአየር መግቢያው ይዘጋል። ሞተሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱት ፒስተኖች አየር ለመሳብ ይታገላሉ፣ ትግሉ መኪናውን ይይዛል። ናፍጣ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ መዝጊያ የለም። አየሩ እንደልቡ ይገባል፣ ፒስተኑም አየሩን እስከ አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ድረስ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ከ500 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለውም ይኸው ሙቀት ነው። ነዳጅ ቆጣቢነቱ በከፊል የመጣው ከዚሁ አሠራር ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ይኸው አሠራር ጉድ ያፈላል። አየሩን ማመቅ ብዙ ጉልበት ይፈጃል፣ ነገር ግን የታመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ወደ ታች ሲገፋው ያንን ጉልበት ከሞላ ጎደል ይመልሳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚይዘው ትንሽ ነው።

ይህን ችግር በሕይወቱ የቀመሰው ሰው ክሌሲ ከሚንስ ይባላል። በ1888 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ኢንዲያና ውስጥ ተወለደ። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሟል። ኮለምበስ በተባለች ከተማ የአንድ ባለ ባንክ ሹፌርና መካኒክ ነበር። በዚያው ባለ ባንክ ገንዘብ በ1919 የናፍጣ ሞተር ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ ከባድ መኪናና ጄኔሬተር ላይ የምናየው ከሚንስ የሚለው ስም የእሱ ነው። ያኔ ናፍጣ ሞተር የመርከብና የፋብሪካ ዕቃ ነበር። መንገድ ላይ ይሠራል ብሎ የሚያምን ጥቂት ሰው ነው። ከሚንስ ደግሞ በክርክር ጊዜ የሚያጠፋ ሰው አልነበረም፣ ነድቶ ያሳይ ነበር። በ1931 በኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር የእሱን ናፍጣ ሞተር የያዘችው መኪና አንድም ጊዜ ሳትቆም ጨረሰች።

በዚያው ዓመት የናፍጣ ከባድ መኪና ይዞ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ ጉዞ ጀመረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን የሚባለውን ተራራ ሲወርዱ ፍሬኑ እምቢ አለ። ከታች የጭነት ባቡር መንገዱን እያቋረጠ ነበር። ሳይላተሙ ያለፉት ለጥቂት ነው። ከሚንስ ያን ቀን አልረሳውም። ናፍጣን ወደ መንገድ ያወጣው ከፊት ሆኖ ነው፣ ቁልቁለቱም የእሱ ዕዳ እንደሆነ ቆጥሮታል ብዬ አስባለሁ።

መልሱን ያገኘው ከኩባንያው ሥራ ከወጣ በኋላ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ፒስተኑ አየሩን አምቆ ጫፍ ሊደርስ ሲል የጭስ ማውጫው ቫልቭ ትንሽ ይከፈት። የታመቀው አየር ፈንድቶ ይወጣል። ፒስተኑን መልሶ የሚገፋ ነገር አይኖርም፣ ለማመቅ የወጣው ጉልበትም በጭስ ማውጫው በኩል ይጠፋል። ሞተሩ ከመኪናው ላይ ጉልበት እየቀማ ወደ ውጭ የሚጥል የአየር መጭመቂያ ይሆናል።

ቫልቩን በትክክለኛዋ ቅጽበት ማን ይክፈተው? እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። የከሚንስ ሞተር ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር (ፒስተኑ የሚመላለስበት ክፍል) ሦስት ካም ወይም ጉብታ አለው። አንዱ የአየር መግቢያውን፣ አንዱ የጭስ ማውጫውን ቫልቭ ይከፍታል፣ ሦስተኛው ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተር ይገፋል። ኢንጀክተሩ የሚገፋው ደግሞ አየሩ ታምቆ ሊያበቃ ሲል ነው። ለፍሬኑ የሚያስፈልገው ቅጽበት ሞተሩ ውስጥ ድሮም ነበረ ማለት ነው! ከሚንስ ያንን እንቅስቃሴ በሞተር ዘይት አማካይነት ወደ ጭስ ማውጫው ቫልቭ አሻገረው። ሹፌሩ ማብሪያውን ሲጫን ዘይት ወደ አንዲት ትንሽ ፒስተን ይገባል። የኢንጀክተሩ እንቅስቃሴ እሷን ይገፋታል፣ ዘይቱ ሌላዋን ይገፋል፣ ያቺ ቫልቩን ትከፍታለች። ማብሪያው ሲጠፋ ዘይቱ ይለቀቃል፣ ሞተሩ ወደ ተለመደ ሥራው ይመለሳል።

መሣሪያውን ለገበያ ያበቃው ጄኮብስ የተባለ የመሰርሰሪያ መያዣ አምራች ነው፣ በ1961። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ጄክ ብሬክ የሚሉት ለዚህ ነው። ከሚንስ በ1968 አረፈ። ያ ጠጠጠጠ የሚል ድምፅ የታመቀው አየር በየተራ ሲፈነዳ የሚሰማ ነው። ማርሚታው ካረጀ ሰፈር ያውካል። አንዳንድ የአሜሪካ ከተሞች መግቢያቸው ላይ ክልከላ የሚለጥፉትም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ብዙ አይሱዙ ላይ ያለው ግን ሌላ ዓይነት ነው። እሱ የጭስ መውጫውን ቱቦ በመዝጊያ ያፍነዋል፣ ፒስተኖቹ ጭሱን ለማስወጣት ሲታገሉ መኪናው ይያዛል። አሠራሩ ቀላል ነው፣ የሚይዘው ግን ከከሚንስ ያነሰ ነው።

ሁለቱም የሚሠሩት ማርሽ ሲኖር ነው። ዜሮ ማርሽ ላይ ያለ መኪና ሞተር ብሬክ የለውም። ኃይሉም የሚጨምረው ሞተሩ ሲፈጥን ስለሆነ ከባዱን ማርሽ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማስገባት ያስፈልጋል። መሃል ላይ ማርሽ ልቀንስ ብሎ አልገባም ካለ አደጋ ነው። መንገዱ በዝናብ ወይም በጭቃ ሲያንሸራትት ደግሞ ሞተር ብሬኩን ማጥፋት ይሻላል። የሚይዘው ሞተሩ የሚያዞራቸውን ጎማዎች ብቻ ነው፣ እነሱ ከተንሸራተቱ ተሳቢው ከኋላ መጥቶ መኪናውን ሊያጥፈው ይችላል።